በደፍ ላይ እጅ አይሰጥም

አስጎብኚዋ ሌኦካዲያ በየቀኑ አንድ ውሸት ትናገራለች። የምትናገረውም ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ቆማ ነው፤ በዋርሶ ከገበያው አደባባይ ወደ ወንዙ በሚወርደው ጠባብ መንገድ፣ ከቢጫው ቤት ፊት ለፊት። ጃንጥላዋን ከፍ አድርጋ የኋለኞቹ ጎብኚዎች እስኪደርሱ ትጠብቃለች። ከዚያ ይህ ሰፈር በጦርነቱ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንዳልቀረለት፣ ዛሬ የሚያዩት ሁሉ እንደነበረው ሆኖ መሠራቱን፣ እያንዳንዱ በርና እያንዳንዱ መስኮት በነበረበት ቦታ መመለሱን ትነግራቸዋለች። ጎብኚዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዳንዶቹ ዕንባቸው ይመጣል። እሷ ፊቷን ወደሚቀጥለው ቤት ታዞራለች።

የቢጫው ቤት በር ግን በነበረበት ቦታ አልተመለሰም።

ታውቀዋለች፤ ኖራበታለች። ያን ጊዜ ቢጫ አልነበረም። ጭስና ዝናብ ተጋግዘው የቀቡት ስም የለሽ ቀለም ነበረው። በሩ በቀኝ ጫፍ ነበር። ግንቡም ከዛሬው ይልቅ ወደ መንገዱ ወጣ ያለ ስለነበረ፣ ሁለት ጋሪዎች ሲገናኙ አንደኛው የኋሊት መሄድ ነበረበት፤ ጋሪ ነጂዎቹም የትኛው ይመለስ በሚለው እየተሰዳደቡ ሰፈሩን ያዝናኑ ነበር። ቤቱን መልሰው የሠሩት ሰዎች የዚያን ጥግ ፎቶግራፍ አላገኙም። ያገኙት ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አንድ የባዕድ አገር ሠዓሊ ለንጉሥ የሣለውን ሥዕል ነበር። በሥዕሉ ላይ መንገዱ ሰፊ ነው፤ በሩም በግራ ነው። ሠዓሊው ለዓይን እንዲያምር ብሎ አስፍቶት ይሆናል፤ ወይም በዚያ ዘመን እውነትም እንዲያ ይሆናል፤ ማን ያውቃል። ግንበኞቹ ሥዕሉን አምነው ግንቡን ወደ ኋላ ሳቡት፣ በሩን ወደ ግራ ወሰዱት፤ ከላዩም የወይን ዘለላ የተቀረጸበት ድንጋይ አስቀመጡበት። ሌኦካዲያ እዚያ ቤት ስትኖር ወይን የሚባል ነገር በቅርጽም በጠርሙስም አላየችም።

እናም የድሮው በር ደፍ የነበረበት ቦታ ዛሬ ሜዳ ላይ ቀርቷል። ጎብኚው የሚቆምበት፣ እርግብ የሚለቅምበት የድንጋይ ንጣፍ ነው። ከዚያ ላይ ቆሞ ወደ ግንቡ የሚያይ ሰው የሚያየው በር አይደለም፤ ዛሬ ቤቱ ውስጥ የምትኖረው የፓኒ፣ ማለትም የወይዘሮ፣ ዜኖቢያ የወጥ ቤት መስኮት ነው።

ያ ደፍ ተራ ደፍ አልነበረም። ከላይ ከአደባባዩ የሚወርደው የዝናብ ጎርፍ እንዳይገባ ጥንት የተጋደመ ከፍ ያለ ድንጋይ ነበር፤ መሐሉ በሰው እግር ተበልቶ እንደ ሳህን ጎድጉዷል። የቤቱ ሰዎች ሁሉ፣ ጠጥቶ የመጣው ሳይቀር፣ ሳያስቡት እግራቸውን አንሥተው ያልፉታል። የሚደናቀፈው እንግዳ ሰውና የሌኦካዲያ ባል ዋለንቲ ብቻ ነበር። ዋለንቲ እዚያ በኖረበት ዘመን ሁሉ ተደናቅፎበታል። ሲደናቀፍም ዞሮ ድንጋዩን ያየዋል፤ ዛሬ የተቀመጠ ይመስል።

ዋለንቲ የምድጃ ሠራተኛ ነበር። በዋርሶ ቤቶች ውስጥ እስከ ጣሪያ የሚደርሱትን፣ በሸክላ የተለበጡትን ትልልቅ ምድጃዎች ይሠራል፤ ጭስ የሚተፉትን ያክማል። ቤተ ክርስቲያን የሚስመው ለገናና ለፋሲካ ሲሆን፣ እናቱ ያስተማረችውን ልማድ ግን እንደ ሃይማኖት ይጠብቅ ነበር። እንግዳ ከውጭ ቆሞ እጁን ቢዘረጋለት አይጨብጥም። «በደፍ ላይ እጅ አይሰጥም፣ ጠብ ይመጣል» ይልና ወይ ሰውየውን ስቦ ያስገባዋል፣ ወይ ራሱ ይወጣል። አንድ ጊዜ ሊገስጸው የመጣውን ፖሊስ እንኳ እጅጌውን ይዞ ጎትቶ አስገብቶት፣ ሌኦካዲያ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ሮጣለች። ከቤት ከወጣ በኋላ የረሳው ነገር ኖሮ ከተመለሰ ደግሞ ዕቃውን አንሥቶ ዝም ብሎ አይሄድም። ቁጭ ይላል፣ እስከ አሥር ይቆጥራል፣ ከዚያ ይነሣል። ሳይቀመጥ የወጣ ሰው መንገዱ አይቀናውም ይላል። እሷ «አንተ አሮጊት» ትለዋለች። እሱ እየቆጠረ ስለሆነ አይመልስላትም።

ከተማው በጀርመኖች ላይ በተነሣበት በነሐሴው አመፅ፣ ሰፈሩ በመድፍና በአውሮፕላን ሲደበደብ፣ ዋለንቲ ከሌሎች ወንዶች ጋር ሆኖ መንገድ ለመዝጋት ድንጋይ ያመላልስ ነበር። አንድ ጠዋት ወጣ፤ ወዲያው ደግሞ ተመለሰ። ጓንቱን ረስቶ ነበር። ሌኦካዲያ ጓንቱን ይዛ እስከ በሩ መጣችለት፤ ከደፉ ማዶ ሆኖ አልተቀበላትም። ገባ። ከበሩ ጀርባ ባለችው የዕቃ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆጠረ። ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ ከመንገድ የሰው ጩኸት ይሰማል፤ እሱ ይቆጥራል። ተነሥቶ ጓንቱን አጠለቀ፣ ግንባሯን ሳማት፤ ሲወጣ ደፉ ላይ ተደናቀፈ። ዞሮ ድንጋዩን አየው፤ ከዚያ እሷን አይቶ ሳቀ። በዚያው የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

ከምንም በላይ የሚያንገበግባት ይኸው ነው። አንድም ልማድ አላጓደለም። ገብቷል፣ ተቀምጧል፣ ቆጥሯል። ታዲያ መንገዱ ለምን አልቀናውም?

አስከሬኑ አልተገኘም። በሁሉም ቅዱሳን ቀን፣ በጥቅምት ብርድ፣ ከተማው እንዳለ ወደ መካነ መቃብር ይፈልሳል። ሰው አበባውንና ሻማውን ታቅፎ ትራም ላይ ይታጨቃል፣ በመቃብሩ በር ላይ ነጭና ሮዝ ከረሜላ ይሸጣል፣ ማታ ላይ ሰማዩ በሻማ ብዛት ይቀላል። ሌኦካዲያ የምትሄድበት መቃብር የላትም። ስለዚህ ቤቱ ተሠርቶ ሰፈሩ ከተከፈተበት ዓመት ጀምራ ሻማዋን ደፉ ከነበረበት ቦታ ላይ፣ ባዶው ንጣፍ ላይ ታስቀምጣለች። ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው እዚያ ነው። ሌላ መቃብር ምን ሊሆን ይችላል?

ዓምና ሻማውን ስታበራ ፓኒ ዜኖቢያ መስኮቷን ከፍታ አንገቷን አወጣች። ክፉ ሴት አይደለችም። ሰፈሩ ሲሠራ ከገጠር መጥቶ ጡብ ከደረደረው ባሏ ጋር እዚያ ቤት ከገቡት የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች አንዷ ናት።

«ፓኒ ሌኦካዲያ፣ ሰው ሻማውን በር ላይ ያስቀምጣል እንጂ መንገድ ላይ ያስቀምጣል? ልጆቼ በኳስ መትተው ያጠፉትና ኋላ እርስዎ እኔን ይቀየሙኛል።»

«በሩ ላይ እኮ ነው ያስቀመጥኩት።»

«በሩማ ያውና» አለች ዜኖቢያ፣ በማንኪያዋ ወደ ግራ እየጠቆመች። «ስምንት ዓመት ሙሉ የገባሁበትና የወጣሁበት አይጠፋኝም።»

ሌኦካዲያ ሻማውን እዚያው ትታ ሄደች። ወደ ማደሪያዋ ስትመለስ ግን በትራሙ ውስጥ አሰላችው። እሷ ራሷ በድሮው በር የገባችና የወጣችበት ዘመን ከዚያ እምብዛም አይበልጥም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ልቧ መዋዠቅ ጀመረ። ከጎብኚ እስከ ጎብኚ ባለው ክፍተት ወደዚያ መንገድ ትሄድና ቦታውን ትፈልጋለች። ከመብራቱ ምሰሶ ተነሥታ ስትገምት አንድ ቦታ ላይ ትደርሳለች፤ ከአደባባዩ ጥግ ተነሥታ ስትገምት ሌላ ቦታ። ምሰሶውም ጥጉም አዲስ ናቸውና በምን ትመናቸው? የሚጠየቅ ጎረቤት አልነበረም። የዚያ ቤት ሰዎች ገሚሶቹ ፍርስራሹ ሥር ቀሩ፣ ገሚሶቹ ነፋስ እንደበተነው ገለባ ሆኑ። በከተማው ውስጥ ያንን በር የሚያውቅ ሰው እሷ ብቻ መሆኗን አስባ ታውቃለች። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ነገር እውነት ይሁን ሕልም በምን ይለያል?

ይህንንም በቻለችው ነበር። ያልቻለችው ዋለንቲን ነው። ድሮ ዓይኗን ስትጨፍን በቀኙ በር ሲወጣ ታየዋለች፤ ይደናቀፋል፣ ይዞራል፣ ይስቃል። ከዚህ ክረምት ወዲህ ግን በግራው በር መውጣት ጀመረ። የወይን ዘለላ በተቀረጸበት ድንጋይ ሥር ጎንበስ ብሎ ይወጣል። አዲሱ በር ደፍ የለውምና አይደናቀፍም። ካልተደናቀፈ ደግሞ አይዞርም፤ ካልዞረ አይስቅም። ጀርባውን ሰጥቷት ዝም ብሎ ይሄዳል። ሌኦካዲያ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ፊቱን እያጣችው መሆኑን ታውቃለች።

የሁሉም ቅዱሳን ቀን ሲቃረብ ሻማውን ገዝታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የት እንደምታስቀምጠው ግን አታውቅም ነበር።

በዚያው ሰሞን ከወደብ ከተማዋ ከስቼቺን አንድ አውቶቡስ ጡረተኞች መጡ። ሌኦካዲያ ከንጉሡ ዐምድ ሥር ተቀበለቻቸው። ቤተ መንግሥቱ የነበረበትን ባዶ ሜዳ አሳየቻቸው፤ በካቴድራሉ ግድግዳ ላይ የተተከለውን የታንክ ሰንሰለት አስዳሰሰቻቸው። አደባባዩ ላይ ሲደርሱ፣ ጋሪውን አቁሞ እንግዳ የሚጠብቀው ግራጽያን እንደ ልማዱ ለከፋት። አሥር ዓመት ያልሞላውን ቤት ሰባት መቶ ዓመቱ ነው ብላ እየሸጠች ማንም አይናገራትም፤ እሱ ግን ከፈረሱ ዕድሜ ሁለት ዓመት ቢቀንስ አጭበርባሪ ይሉታል። ጡረተኞቹ ሳቁ። ሌኦካዲያ ፈረሱም እንደ ሰፈሩ ፈርሶ የተሠራ ይመስላል አለችና አለፈች።

ቢጫው ቤት ፊት ቆማ ውሸቷን ስትጀምር፣ አንድ ሽማግሌ ከቡድኑ ተለይተው በከዘራቸው እየተደገፉ ወደ ግንቡ ሲጠጉ አየች። እጃቸውን ግንቡ ላይ ለጠፍ አድርገው ቆሙ፤ የፈረስ አንገት እንደሚዳስስ ሰው። ጆሯቸው ትልልቅ ነበር፤ በእነዚያ ጆሮዎች መካከል ያለውን ፊት ዕድሜ ሊደብቀው አልቻለም። ሌኦካዲያ የጀመረችውን ዐረፍተ ነገር የት እንዳደረሰችው ጠፋባት።

ፓን፣ ማለትም አቶ፣ ሂፖሊት ነበሩ። ከእሷና ከዋለንቲ በላይ ባለው ፎቅ ይኖሩ ነበር፤ በእሳት አደጋ ቡድን ባንድ ውስጥ ትልቁን መለከት የሚነፉት። ሲለማመዱ የዋለንቲ ብርጭቆዎች መደርደሪያው ላይ ይንቀጠቀጡ ነበር።

ጡረተኞቹን የወንዙ መመልከቻ ላይ ነፃ ለቀቀቻቸው። ያ ጉብታ የጥንቱ ሰፈር ቆሻሻ መጣያ መሆኑን ነግራቸው እንኳ ሁሉም እየተጋፋ ፎቶ ይነሣበት ነበር። እሷ ሽማግሌውን ክንዳቸውን ይዛ ስሟን ነገረቻቸው። ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት፤ ከዚያ ከዘራቸው ከእጃቸው ወደቀ። ሁለቱም ለማንሣት ጎንበስ ሲሉ ራስ ለራስ ሊጋጩ ምንም አልቀራቸው።

አውቶቡሱ እስኪነሣ ጊዜ ነበራቸው። ጥግ ላይ ወዳለችው፣ ወተት ቤት ወደምትባለው ርካሽ ምግብ ቤት ወሰደቻቸውና የቀይ ሥር ሾርባና ሻይ ይዘው፣ በእንፋሎት በታፈነው መስኮት ሥር ተቀመጡ። ሽማግሌው ሳያቋርጡ አወሩ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ስቼቺን ሄደው እዚያው ቀሩ፤ ሚስታቸው ሞተች፤ ልጃቸው መርከብ ላይ ይሠራል፤ የልጅ ልጆቻቸው መለከቱን ለመጫወቻ ይጠይቋቸዋል። ዋለንቲንም አነሡ። ምድጃቸውን ጠግኖላቸው በሦስተኛው ቀን ቤቱ በጭስ ሲታፈን ጠርተውት፣ አየት አድርጎ ምድጃው ደህና ነው፣ የሚያጨሱት እርስዎ ነዎት ብሏቸው ነበር። ይህን ሲሉ እየሳቁ ሾርባውን ጠረጴዛው ላይ አንጠባጠቡት። ሌኦካዲያም ሳቀች። ስሙን ከሌላ ሰው አፍ ከሰማች ስንት ዘመኗ። ሌሎቹ ሁሉ «ሟቹ ባለቤትሽ» ነው የሚሉት፤ ስም እንዳልነበረው ሁሉ።

ጥያቄዋን ግን ታቅፋ ቆየች። ብትጠይቅና መልሱ የምትፈራው ቢሆንስ? ማንኪያዋን አስቀመጠች፣ መልሳ አነሣች፣ ደግሞ አስቀመጠች።

«ፓን ሂፖሊት፣ የቤታችን በር በየት በኩል ነበር?»

«በየት ይሆናል? ያው ባለበት ነዋ።»

ከደረት ኪሳቸው በመሐረብ የተጠቀለለ ፖስትካርድ አወጡ። አዲሱ ሰፈር በቀለም የታተመበት ነው፤ ሰማዩ ከእውነተኛው ሰማይ ይልቅ ሰማያዊ ነው። ጣታቸውን በግራው በር ላይ አሳረፉ። ስቼቺን ውስጥ ከአልጋቸው ራስጌ ሰቅለውት እንደኖሩ፣ በየጠዋቱ እንደሚያዩት፣ ለልጅ ልጆቻቸው በዚህ በር እገባ ነበር እያሉ እንደሚያሳዩአቸው ነገሯት።

«በቀኝ አልነበረም?» አለች። «ደፉስ? ከፍ ያለው ድንጋይ፣ ዋለንቲ የሚደናቀፍበት?»

ሽማግሌው አሰቡ። ሊያስደስቷት እየሞከሩ እንደሆነ ከፊታቸው ይነበብ ነበር። ኋላ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የምን ደፍ፣ ፓኒ ሌኦካዲያ? ሜዳ እኮ ነው። እርጅና ነው፣ አይዘኑ። እኔ አንዳንድ ቀን የሚስቴ ስም ይጠፋብኛል። ደግነቱ ሞታለች፣ አትሰማኝም።»

ሌኦካዲያ ሻይዋን ጠጣች። ቀዝቅዞ ነበር። ሽማግሌው ስለ ባሕሩ ነፋስ ሲያወሩ ትሰማቸዋለች፤ ቃሉ ግን አይገባትም። እንግዲያው ተሳስታለች። በቃ። ሁለት ሰዎች ቀሩ፣ ከሁለቱ አንዱ በማስረጃ መሰከረ። ሥዕሉ ልክ ነው፣ ግንበኞቹ ልክ ናቸው፣ ዜኖቢያ ልክ ናት። በየቀኑ የምትናገረው ውሸት እውነት ነበር ማለት ነው። ሻማዋን በግራው በር ሥር ታስቀምጣለች፤ ዋለንቲም ጀርባውን ሰጥቶ፣ ሳይደናቀፍ፣ ሳይዞር ይሄዳል።

ከወተት ቤቱ ሲወጡ ካፊያ ጀምሮ ነበር። ሽማግሌው ቤቱን አንድ ጊዜ ልየው ስላሉ በጠባቡ መንገድ ዞሩ። ግንቡ ሥር ሲደርሱ ከበስተኋላቸው የግራጽያን ጋሪ እየተንኳኳ መጣ፤ እንግዳ ጭኖ ቸኩሏል። ሌኦካዲያ ወደ ግንቡ ተጠግታ በዜኖቢያ መስኮት ሥር ቆመች። ሽማግሌው ወደ መንገዱ ማዶ ራቅ አሉ። ፈረሱ በመካከላቸው አለፈ። ጋሪው ካለፈ በኋላ ሽማግሌው ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ እሷ መጥተው ቆሙና ኮፍያቸውን አወለቁ። አውቶቡሱ ከላይ ጥሩምባውን መንፋት ጀምሯል።

«ደህና ይሁኑ፣ ፓን ሂፖሊት» አለችና ከቆመችበት እጇን ዘረጋች።

ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ። ከዚያ እንደ ተቃጠለ ሰው መልሰው ሰበሰቡት።

«ኧረ በደፍ ላይ አይሆንም፣ የኔ እመቤት» አሉ። ወደ ታችም አላዩም። ከዘራቸውን አስቀድመው ቀኝ እግራቸውን አነሡ፤ ያ አሮጌ ጉልበት እንዴት እንደታዘዘላቸው እንጃ፣ ለሰፊ ጎድጓዳ ድንጋይ እንደሚነሣ ያህል ከፍ አድርገው አነሡት። በባዶው አየር ላይ አሻገሩት። ግራውንም አስከተሉ። ከእሷ ጎን ገብተው ቆሙና፣ ሁሉ ነገር አሁን በሥርዓቱ እንደሆነ ሁሉ፣ እጇን በሁለት እጃቸው ጨበጡት።

ሌኦካዲያ ዓይኗን ከእግራቸው ላይ አልነቀለችም።

ሽማግሌው ፊቷን አይተው ግራ ገባቸው። ዞር ብለው ያለፉትን መንገድ ተመለከቱ። ዝናብ ያረጠበው ለጥ ያለ ድንጋይ ንጣፍ ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም። ከዘራቸውን ሰደድ አድርገው ነካ ነካ አደረጉት።

«ምን አልኩ አሁን?»

«ደህና ነው ያሉት» አለች። «በደፍ ላይ እጅ አይሰጥም።»

ልትነግራቸው ትችል ነበር። ፖስትካርዱን አስወጥታ በጣቷ ልታሳያቸው ትችል ነበር። ግን በመሐረብ ጠቅልለው ይዘውታል፤ የልጅ ልጆቻቸውም አይተውታል፤ ከዚያ በቀር ከዚያ ቤት የቀራቸው ነገር የለም። እጃቸውን ሳመችና ለቀቀቻቸው። ሽማግሌው ኮፍያቸውን ደፍተው ሽቅብ ወደ አውቶቡሱ አዘገሙ። ሲሄዱ ያንኑ ቦታ መልሰው ረገጡት። እግራቸውን አላነሡም። እንደ ማንኛውም ጎብኚ ረግጠውት አለፉ።

ሌኦካዲያ መስኮቱ ሥር ቆማ ቀረች። ካፊያው ፀጉሯ ላይ ይወርዳል። ከዚያች ጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቷ ውስጥ ነበረች፤ ከዚህ የዕቃ ሣጥኑ፣ ከዚያ የደረጃው መደገፊያ፣ ከፊቷ ደፉ። ከሁሉም ሰው አንድ እንኳ አብሯት የለም። ቤቱ የሷ ብቻ ነበር። ለመውጣት አልቸኮለችም። ስትወጣም እግሯን ከፍ አድርጋ ወጣች።

በሁሉም ቅዱሳን ቀን ሻማዋን ይዛ ስትመጣ ምሰሶውን አልጠየቀችም፣ ከጥጉም ተነሥታ አልገመተችም። ሽማግሌው እግራቸውን ያሻገሩበት ቦታ ላይ ተንበርክካ ከነብርጭቆው አስቀመጠችው። መስኮቱ ተከፈተ። ፓኒ ዜኖቢያ አንገቷን አውጥታ ሻማውን አየች፣ ሌኦካዲያን አየች። አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ሐሳቧን ለውጣ ለልጆቹ ኳሱን ይዘው ወደ ግቢ እንዲዞሩ ጮኸችባቸውና መስኮቱን ዘጋችው።

ሰፈሩ ጭር ብሎ ነበር። ሰው ሁሉ መቃብር ሄዷል። ግራጽያን ባዶ ጋሪውን እየነዳ ወደ ጋጣው ሲመለስ ከላይ ብቅ አለና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳይለክፍ ልጓሙን ሳብ አድርጎ ፈረሱን ከሻማው ዳር ዳሩን አሳለፈው። የኮቴው ድምፅ ወደ ወንዙ ወርዶ ጠፋ።

ሌኦካዲያ ጀርባዋን ለግንቡ ሰጥታ በውስጠኛው በኩል ቆመች። ዓይኗን ጨፈነች። ከሣጥኑ ላይ ተነሣ፤ ጓንቱን አጠለቀ፤ ወጣ። ተደናቀፈ።

እስኪዞር ጠበቀችው።